የበግ ደም ነው ወይስ የሰው? የፎረንሲክ ምርመራ ከወሎ ቀበሌ እስከ ቤተ ሙከራ

«የፎረንሲክ ምርመራ ውጤት ስላልደረሰልን ተጨማሪ 14 ቀን ይፈቀድልን።»

የፍርድ ቤት ዜና የሚከታተል ሰው ይህችን ዓረፍተ ነገር በቃሉ ይዟታል። መርማሪው ይጠይቃል፤ ዳኛው መዝገቡን ያገላብጣሉ፤ ተጠርጣሪው ወደ ጣቢያ ይመለሳል፤ የተበዳይ ቤተሰብም እንደመጣ ወደ ቤቱ ይሄዳል። 14 ቀኗ የመጣችው ከ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ነው። አንቀጽ 59 በአንድ ጊዜ ከዚህ የበለጠ የምርመራ ቀጠሮ እንዳይሰጥ ይከለክላል። ስንት ጊዜ ሊሰጥ እንደሚችል ግን አይናገርም፤ ስለዚህ ቀጠሮው ቀጠሮ እየወለደ ይሄዳል።

ያልደረሰው ነገር ምንድን ነው? ከየት ነው የሚመጣው? ለምንስ ይዘገያል? ስለ ፎረንሲክ ሲወራ በቴሌቪዥን የምናየው አዲስ አበባ ያለውን ማሽንና ነጭ ጋውን የለበሰውን ባለሙያ ነው። ይህ ማብራሪያ የሚነሣው ከሌላው ጫፍ፣ ከወረባቦ ወይም ከደላንታ ቀበሌ ነው። ወደ ማሽኑ የሚሄደው ነገር ደኅና ሆኖ የሚነሣውም፣ ገና ከመንገዱ ተበላሽቶ የሚቀረውም እዚያ ነውና።

ቃሉ ራሱ ምን ማለት ነው?

ፎረንሲክ የሚለው ቃል ሥሩ ላቲን ነው። የጥንት ሮማውያን ገበያም ሸንጎም የሚቆምበትን አደባባይ «ፎረም» ይሉት ነበር። ክርክር የሚሰማው እዚያ ስለነበር፣ ለሸንጎ የሚቀርብ ነገር ሁሉ በዚያው ስም ተጠራ። በእኛም አነጋገር አደባባይ መዋል ማለት ጉዳይን ሰው ፊት ማቅረብ አይደል? ፎረንሲክ ሳይንስ ማለት እንግዲህ አደባባይ የሚውል፣ ዳኛ ፊት ቆሞ የሚመሰክር ሳይንስ ነው።

አንድ ሙያ አይደለም። መርዝ የሚፈትሸው የኬሚስትሪ ባለሙያ፣ የሞትን ምክንያት የሚመረምረው ሐኪም፣ ፊርማን ከፊርማ የሚያመሳክረው፣ ከጥይት ቀለህ ላይ የጠመንጃን ጠባይ የሚያነበው፣ ከስልክ ውስጥ የተደመሰሰ መልእክት የሚያወጣው፣ ሁሉም እዚህ ስም ውስጥ ይገባሉ። ሦስት ቃላት ደግሞ ደጋግመው ስለሚመጡ ከወዲሁ እንያዛቸው። «ኤግዚቢት» ፖሊስ በማስረጃነት የያዘው ዕቃ ነው፤ ቢላዋ፣ ልብስ፣ ሰነድ ሊሆን ይችላል። «ናሙና» ለምርመራ የሚወሰደው ጥቂት ነገር ነው፤ የደም ጠብታ፣ የጥፍር ስር እድፍ። «ቤተ ሙከራ» ናሙናው የሚፈተሽበት ክፍል ነው።

ድሮስ ሌባና ገዳይ በምን ይለይ ነበር?

አያቶቻችን ሌባሻይን ያውቁ ነበር። አንድ ልጅ መድኃኒት ያጠጡና ራሱን ስቶ ሲሮጥ ይከተሉታል፤ ገብቶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ተብሎ ይያዛል። አውጫጭኝም ነበር፤ የአገሩ ሰው በአንድ ሜዳ ተሰብስቦ በዳዩ እስኪታወቅ ድረስ እንዳይበተን ይደረጋል። ሁለቱም በሰው ፍርሃትና በሰው ቃል ላይ የቆሙ ናቸው። ልጁ የወደቀው ቤት ባለቤት ንጹሕ ቢሆን እንኳ የሚያስተባብልበት መንገድ አልነበረውም።

ወሎ ከዚህ ሌላ እስከ ዛሬ የሚሠራ የራሱ ሥርዓት አለው። አባጋሮችና ሽማግሌዎች ሙስሊሙንም ክርስቲያኑንም ይዘው ደም ያደርቃሉ፣ ያማልዳሉ፣ ካሣ ይቆርጣሉ። ይህ ሥርዓት ጉልበቱ ማስታረቅ ላይ ነው። ማን ገደለ የሚለው ጥያቄ ግን ከዕርቁ በፊት መልስ ይፈልጋል፤ እዚህ ላይ ምስክር ይቸግራል። ደም መላሽ ባለበት አገር ያየውን የሚናገር ሰው ልጆቹን ያስባል፣ በሬውን ያስባል፣ ሌሊት የሚሄድበትን መንገድ ያስባል። ማሰቡም አይፈረድበትም። የእጅ አሻራ ግን የሚፈራለት ዘመድ የለውም።

የፎረንሲክ ሐሳብ ለእኛ ባዕድ ነው የሚል ካለ በሬው የጠፋበትን ገበሬ ይጠይቅ። ኮቴውን እያየ የትኛው እግሩ እንደሚያነክስ፣ ጭነት እንዳለበትና እንደሌለበት፣ ዱካው የዛሬ ይሁን የትናንት ይለያል። ከዝናብ በፊት ወይም በኋላ ማለፉንም ከጭቃው ያውቃል። ቤተ ሙከራ የሚሠራው ይህንኑ ነው፤ የሚለየው ዱካው ለዐይን የማይታይ መሆኑና ያነበበው ሰው እንዴት እንዳነበበ ለተከራካሪው ወገንም ማሳየት ያለበት መሆኑ ነው።

የነካ ሁሉ ምልክት ይተዋል የሚባለው እውነት ነው?

ፈረንሳዊው ኤድሞን ሎካር እ.ኤ.አ. በ1910 ሊዮን ከተማ ውስጥ በጠባብ ክፍል የፖሊስ ቤተ ሙከራ ከፈተ። እስከ ዛሬ በስሙ የሚጠራው ሐሳብ ቀላል ነው፤ ሁለት ነገሮች ሲነካኩ አንዱ ከሌላው ጥቂት ይወስዳል፣ ጥቂትም ይተዋል።

ወፍጮ ቤት ገብቶ የወጣን ሰው አስቡ። ዱቄቱ ቅንድቡ ላይ ተቀምጧል፤ እሱም በጫማው ያመጣውን የመንገድ ጭቃ ወለሉ ላይ ትቶ ወጥቷል። «ወፍጮ ቤት አልሄድኩም» ቢል ቅንድቡ ይመሰክርበታል። ወንጀል የተፈጸመበት ስፍራም እንዲሁ ነው። ችግሩ ዱቄቱ ቶሎ የሚራገፍ፣ ጭቃውም በሌላ ሰው ጫማ የሚረገጥ መሆኑ ነው።

ታዲያ ቢላዋው ላይ ያለው ደም የማን ነው?

«የበግ ደም ነው፤ ትናንት አርጄ ነበር» የሚል መልስ በአገራችን ውድቅ ለማድረግ ይከብዳል። በበዓል ሰሞንማ ቢላዋው ላይ ደም የሌለበት ቤት የትኛው ነው? ደግነቱ ይህ ጥያቄ መልስ ካገኘ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። ጀርመናዊው ሐኪም ፓውል ኡለንሁት እ.ኤ.አ. በ1901 የሰውን ደም ከእንስሳ ደም የሚለይ ምርመራ አገኘ። በዚያው ዓመት ሩገን በምትባል ደሴት ሁለት ሕፃናት ተገድለው አንድ አናጺ ተያዘ። ልብሱ ላይ ያለው ነጠብጣብ የእንጨት ቀለም ነው ብሎ ተከራከረ። ከዚያ በፊት በአካባቢው በጎች ተቆራርጠው ተገኝተው ስለነበር በዚያም ተጠርጥሮ ነበር። ምርመራው ከልብሱ ላይ የበግ ደምም፣ የሰው ደምም ለየ።

ያ ምርመራ የሰው መሆኑን እንጂ የየትኛው ሰው መሆኑን አይናገርም ነበር። ለዚህ መልስ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1984 ነው። እንግሊዛዊው አሌክ ጄፍሪስ ሌስተር ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የሰውን ዘረመል፣ ዲኤንኤ የሚባለውን፣ ለመለያነት የሚያገለግልበትን መንገድ አገኘ። ዲኤንኤ በእያንዳንዱ የሰውነታችን ሕዋስ ውስጥ የተጻፈ መመሪያ ነው። አብዛኛው ጽሑፍ በሁላችንም ላይ አንድ ዓይነት ነው፤ ባለሙያዎች የሚያነቡት ከሰው ሰው የሚለያዩትን ጥቂት ቦታዎች ብቻ ነው። መንታ ሆነው ከአንድ ዕንቁላል የተፈጠሩ ልጆች ግን ዲኤንኤአቸው አንድ ስለሆነ በተለመደው ምርመራ አይለዩም። የጣት አሻራቸው ይለያያል።

የዲኤንኤ የመጀመሪያ የወንጀል ሥራ ምን እንደነበር ብዙ ሰው አያውቅም። በሌስተር አቅራቢያ እ.ኤ.አ. በ1983 እና በ1986 ሁለት ልጃገረዶች ተደፍረው ተገደሉ። አንድ የ17 ዓመት ልጅ ሁለተኛዋን ገድያለሁ ብሎ ለፖሊስ አመነ። ምርመራው ሁለቱንም የገደለው አንድ ሰው መሆኑን፣ ያ ሰው ደግሞ ልጁ አለመሆኑን አሳየ። ልጁ ተለቀቀ፤ እውነተኛው ገዳይ በኋላ ተይዞ እ.ኤ.አ. በ1988 ተፈረደበት። ሰው ያልሠራውን ያምናል እንዴ ለሚል፣ ያምናል። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 19 በማስገደድ የተገኘ የእምነት ቃል ተቀባይነት እንዳይኖረው የደነገገው በከንቱ አይደለም። መርማሪ ሌላ ማስረጃ የማግኛ መንገድ ሲያጣ ዐይኑ የሚያርፈው ተጠርጣሪው አፍ ላይ ነው።

የጣት አሻራስ?

ይህን ወሎ ውስጥ ማብራራት አያስፈልግ ይሆናል። ወደ ዐረብ አገር ለመሄድ «ከወንጀል ነጻ» ማስረጃ ሊያወጣ የተሰለፈ ሁሉ አሥር ጣቱን አስነሥቷል። ከጣት ጫፍ ያሉት መስመሮች በእናት ማኅፀን ውስጥ ተሠርተው እስከ ሞት አይለወጡም። እ.ኤ.አ. በ1892 አርጀንቲና ውስጥ ልጆቿ ተገድለው ጎረቤቷን የከሰሰች እናት ራሷ ገዳይ መሆኗ የታወቀው በር ላይ በቀረ የአውራ ጣት የደም አሻራ ነበር።

ግን ልብ በሉ፤ አሻራው «ነክቷል» ይላል እንጂ «ሰርቋል» አይልም። ኮምቦልቻ ያለ አንድ ሱቅ ተሰበረ እንበል። ባንኮኒው ላይ የጎረቤቱ ልጅ አሻራ ቢገኝ ምንም አይደለም፤ ትናንት ስኳር ሲገዛ ነክቶታል። የገንዘብ ሣጥኑ ውስጠኛ ክፍል ላይ ቢገኝ ግን ጥያቄ አለ። ስለዚህ አሻራው የተገኘበት ቦታ በትክክል ካልተጻፈና ፎቶ ካልተነሣ አሻራው ራሱ ዋጋ ያጣል።

ለቤተ ሙከራ የሚሄደው ሁሉ ግድያና ዘረፋ ነው ብላችሁ ደግሞ እንዳትገምቱ። «ፊርማው የእኔ አይደለም» የሚለው የመሬትና የብድር ክርክር፣ የተጭበረበረ ማኅተም፣ ለሟች የተፈረመ ውል፣ ይህ ሁሉ ወረፋ ይይዛል። ወረፋውም ለ14ቱ ቀን መደጋገም አንዱ ምክንያት ነው።

ማስረጃው የት ላይ ነው የሚበላሸው?

አምባሰል ውስጥ አንድ ቀበሌ እናስብ። ሌሊት ነው፤ ሰው በስለት ተወግቶ ወደቀ። ኡኡታ ተሰማ። በወሎ ኡኡታ ሰምቶ የሚተኛ ሰው የለም፤ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ስድሳ ሰው ግቢውን ሞላው። ጎረቤት የወደቀውን አቀና፤ አክስት ፊቱን በውኃ አጠበች። አንዱ ልጆች እንዳያዩት ደሙ ላይ አፈር ደፋበት። መጀመሪያ የደረሰው የቀበሌው ሚሊሻ ነው። ቢላዋውን ሌላ ሰው አንሥቶ ሌላ ጥፋት እንዳይሠራበት በእጁ አነሣና በጨርቅ ጠቅልሎ ታጠቀው። ሲነጋ ፌስታል ውስጥ ከተተው። ወረዳው ድረስ ሁለት ሰዓት በእግር፣ ቀሪውን በአይሱዙ ሄደ። ፖሊስ ጣቢያ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ፤ ማን አምጥቶት ማን እንደተረከበው የሚያሳይ ወረቀት የለም።

ከእነዚህ ሰዎች መካከል ክፉ የሠራ የለም። ሁሉም ሰው የሚገባውን አድርጓል። ግን የገዳዩ ዱካ በስድሳ ሰው ዱካ ተሸፍኗል፤ የእጀታው አሻራ በጨርቁ ተጠርጓል፤ ደሙ በፌስታሉ ውስጥ ላብ አልቦት መበስበስ ጀምሯል። ፌስታል ለእርጥብ ደም ጠላት ነው። እርጥበቱን አፍኖ ይይዝና ባክቴሪያ ያራባል፤ ባክቴሪያው ዲኤንኤውን ይበላዋል። የባቲ ሙቀት ላይ ሲሆን ከደሴ ብርድ ይልቅ ይፈጥናል። ትክክለኛው መንገድ በጥላ ሥር አድርቆ በወረቀት ከረጢት ወይም በፖስታ መያዝ ነው። ወረቀት ርካሽ ነው፤ ከፌስታሉ የበለጠ ብዙም አያስወጣም።

ይህ ቢላዋ አዲስ አበባ ደርሶ፣ ምርጥ በሚባለው ማሽን ተመርምሮ፣ ውጤቱ ቢመጣ እንኳ ጠበቃው አንድ ጥያቄ ብቻ ይበቃዋል። «ይህ የተመረመረው ቢላዋ በዚያ ሌሊት የተነሣው ቢላዋ ለመሆኑ ማረጋገጫው ምንድን ነው?»

የማስረጃ ሰንሰለት የሚባለው ምንድን ነው?

የጠበቃው ጥያቄ መልስ ነው። የወሎ ሰው በቅሬ፣ ሌላው አገር ዕድር በሚለው፣ አሠራር በደንብ ያውቀዋል። የቅሬው ገንዘብ ከአንዱ ገንዘብ ያዥ ወደ ሌላው ሲዞር ተቆጥሮ፣ ተጽፎ፣ ምስክር ባለበት ተፈርሞ ነው። ዐሥር ዓመት የታመነ ሰው እንኳ «እመኑኝ» ብሎ ብቻ አያስረክብም። ኤግዚቢትም እንዲሁ ከተነሣበት ደቂቃ ጀምሮ ማን አነሣው፣ በስንት ሰዓት፣ በምን ታሸገ፣ ለማን ተሰጠ፣ የት አደረ የሚለው በእያንዳንዱ እጅ ላይ ይፈረማል። አንድ ቀለበት ከጎደለ ሰንሰለቱ ተበጥሷል፤ ዳኛ ማስረጃውን ቢጠራጠር ትክክል ነው።

አስከሬን ለምን ወደ አዲስ አበባ ይላካል?

ለብዙ ዓመታት በአገሪቱ የፎረንሲክ የአስከሬን ምርመራ ሲባል በሰው አእምሮ የሚመጣው አዲስ አበባ የሚገኘው የዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ነበር። በፎረንሲክ ሕክምና የሠለጠኑ ሐኪሞች በጣም ጥቂት ስለነበሩ ከክልል የተነሣ አስከሬን ወደዚያ ይጫን ነበር። ከደሴ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መኪና መከራየት፣ ተራ መጠበቅ፣ መመለስ አለ።

ይህን ከወሎ የቀብር ልማድ ጋር አስቀምጡት። ሙስሊሙ ሟቹን በዚያው ቀን መቅበር ይፈልጋል፤ ክርስቲያኑም ቢሆን ብዙ አያሳድርም። ቅሬው ተጠርቷል፣ ድንኳን ተተክሏል፣ ጉድጓድ ተቆፍሯል። በዚህ መካከል «አስከሬኑ ይመርመር» የሚል ፖሊስ የሟች ጠላት ተደርጎ ይታያል። ብዙ ቤተሰብ ምርመራ ማለት ሰውነትን መቆራረጥ ብቻ ይመስለዋል። በእርግጥ የውስጥ አካል የሚታይበት ጊዜ አለ፤ የሚከናወነው ግን በሥርዓት ነው፤ አስከሬኑም ተሰፍቶና ታጥቦ ለቤተሰብ ይመለሳል። አንዳንዴ ደግሞ የውጭ አካልን በጥንቃቄ ማየቱ ራሱ ብዙ ይናገራል።

ለምሳሌ ሰው ከሞተ በኋላ ደሙ ወደ ታች ይወርድና በተኛበት ጎን ቆዳው ይጠቁራል። ይህ ጥቁረት ሰውየው ከሞተ ከ8 እስከ 12 ሰዓት ሲሆነው ቦታውን ይይዛል። በጀርባው ተኝቶ የተገኘ ሰው ጥቁረቱ ደረቱ ላይ ከሆነ፣ ከሞተ በኋላ አንድ ሰው ገልብጦታል ወይም ከሌላ ቦታ አምጥቶታል ማለት ነው። ታንቆ የተገደለና ራሱን የሰቀለ ሰውም የአንገታቸው ምልክት አቅጣጫው አብዛኛውን ጊዜ ይለያያል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ይገርመኛል፤ ይህን ምልክት ከሐኪሙም ከፖሊሱም በፊት የሚያየው አስከሬኑን የሚያጥበው ወይም የሚገንዘው ሰው ነው። አንገት ላይ ሰንበር ሲያይ እጁን ሰብስቦ ፖሊስ እንዲጠራ የነገረው ግን የለም።

የተደፈረች ልጅ ጉዳይስ?

ይህ ቀስ ተብሎ መነበብ አለበት። የመጀመሪያው የማንኛዋም እናት ስሜት ልጇን ማጠብ፣ ልብሷን መለወጥ ነው። ማስረጃው ያለው ግን በዚያው ሰውነትና ልብስ ላይ ነው። ሳትታጠብ፣ የለበሰችውን ልብስ በወረቀት ይዛ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል። ብዙውን ጊዜ የሚጠቀሰው ወሰን 72 ሰዓት ነው። ኤችአይቪን የሚከላከለው መድኃኒትም መጀመር ያለበት በዚሁ 72 ሰዓት ውስጥ ስለሆነ፣ ለክሱ ግድ የሌለው ቤተሰብ እንኳ ስለ ጤናዋ ሊፈጥን ይገባል። ሰዓቱ ካለፈም መሄዱ አይቅር፤ የሚታይ ጉዳትና የምትናገረው ቃል ዋጋ አላቸው።

አንድ የተሳሳተ እምነት ከፍርድ ቤት ደጃፍ አልወጣ ብሏል። «ድንግልናዋ አልተነካም፤ ስለዚህ አልተደፈረችም» ይባላል። የዓለም ጤና ድርጅት ከሌሎች የተባበሩት መንግሥታት ተቋማት ጋር እ.ኤ.አ. በ2018 የድንግልና ምርመራ ሳይንሳዊ መሠረት የለውም፣ ይቁም ብሏል። የተደፈረች ሴት ምንም ጉዳት ላይታይባት ይችላል።

ከዚሁ አጠገብ ለወሎ ገጠር በጣም ቅርብ የሆነው የዕድሜ ምርመራ አለ። ልጅ ልትዳር ነው ተብሎ ሲጠቆም ቤተሰብ «18 ሞልቷታል» ይላል፤ የልደት ወረቀት የለም። የግራ እጇ አንጓ ራጅ ይነሣና ከመጽሐፍ ሥዕል ጋር ይመሳከራል። በዓለም ላይ በጣም የተለመደው የንጽጽር መጽሐፍ የተዘጋጀው እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹና በ1940ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካ ኦሃዮ ከነበሩ፣ ኑሯቸው የተደላደለ ነጭ ልጆች ነው። ውጤቱም ወደ ሁለት ዓመት ወዲህና ወዲያ ሊል ይችላል። በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 648 ከ13 ዓመት በታች ያለችን ልጅ ያገባ እስከ 7 ዓመት፣ 13 የሞላትን ደግሞ እስከ 3 ዓመት እስራት ይላል። ስለዚህ ሐኪሙ በወረቀቱ ላይ አንዲት ቁጥር ጽፎ ሲፈርም የሚወስነው ብዙ ነው። «ከ15 እስከ 18» ብሎ የስሕተቱን ስፋት የሚጽፍ ሐኪም የሚያውቀውን በሐቅ ተናገረ እንጂ አላመነታም።

ሳይንስ ከሆነ አይሳሳትም፣ አይደል?

ይሳሳታል። እንዴት እንደሚሳሳት ለማየት እርሾን እናንሣ። ቤተ ሙከራ የሚደርሰው ናሙና ለማንበብ አይበቃም፤ ስለዚህ ዲኤንኤው በማሽን ይባዛል። ጭልፋ እርሾ ቡሖውን ሙሉ እንደሚያቦካው፣ ከጥቂት ሕዋሳት ሚሊዮን ቅጂ ይወጣል። ጭልፋው ላይ የሌላ ቤት እርሾ ከነበረ ግን የሚቦካው ያም ጭምር ነው።

ጀርመን ውስጥ የሆነው ይህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 ሃይልብሮን ከተማ አንዲት ፖሊስ ተገደለች። ከስፍራው የተነሣው የአንዲት ሴት ዲኤንኤ በጀርመን፣ በኦስትሪያና በፈረንሳይ ከተፈጸሙ ወደ 40 ከሚጠጉ ወንጀሎች ጋር ገጠመ። «ፊት የሌላት ሴት» ተባለች፤ ለጠቆመ 300,000 ዩሮ ተመደበ። እ.ኤ.አ. በ2009 እውነቱ ወጣ፤ ዲኤንኤው ናሙና የሚነሣበትን የጥጥ እንጨት የምታሽግ የአንዲት ፋብሪካ ሠራተኛ ነበር። ጥጡ ከጀርም የጸዳ ነበር፤ ከዲኤንኤ የጸዳ ግን አልነበረም። ለዓመታት ሲታደን የነበረው መንፈስ ከራሱ ከፖሊስ ቦርሳ ውስጥ ነበር።

ሌላው ማድሪድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 ባቡሮች ላይ ቦምብ ከፈነዳ በኋላ በአንድ ፌስታል ላይ የተገኘን አሻራ የአሜሪካው ኤፍቢአይ ባለሙያዎች የአንድ አሜሪካዊ ጠበቃ ነው አሉ። አንዱ ካለ በኋላ ሌሎቹም ደገሙት። የስፔን ፖሊስ አልተስማማም፤ አሻራው የአንድ አልጄሪያዊ መሆኑን አገኘ። ጠበቃው ሁለት ሳምንት ታስሮ ተፈታ። ስሕተቱ የማሽን አልነበረም፤ ሁለተኛው መርማሪ የመጀመሪያውን መልስ አውቆ ማየቱ ነው። ዛሬ ጠንቃቃ ቤተ ሙከራ ውስጥ ሁለተኛው ባለሙያ የመጀመሪያው ምን እንዳለ ሳይነገረው ይመረምራል። አይኤስኦ 17025 የሚባለው የቤተ ሙከራ ደረጃም መሣሪያው በየጊዜው መፈተሹን፣ ባለሙያው መመዘኑን፣ እያንዳንዱ እርምጃ መመዝገቡን ይጠይቃል። የቤተ ሙከራን ዜና ስትሰሙ ከማሽኑ ዋጋ ይልቅ ይህን ብትጠይቁ ይሻላል።

ኢትዮጵያ ውስጥ ሥራው አዲስ ነው?

አይደለም። ሕጉ ራሱ ቀድሞ አስቦበታል፤ የ1954ቱ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 34 መርማሪው አስፈላጊ ሲሆን ተጠርጣሪው በሐኪም እንዲመረመር፣ ደምም እንዲወሰድ ይፈቅዳል። ደርግ ከወደቀ በኋላ የልዩ ዐቃቤ ሕግ ጽሕፈት ቤት የጅምላ መቃብሮችን ሲያስቆፍር ከአርጀንቲና የመጡ የፎረንሲክ አንትሮፖሎጂ ባለሙያዎች፣ ከአጥንት የሟችን ማንነት የሚለዩ፣ አግዘዋል። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ቢሾፍቱ አቅራቢያ የተከሰከሰው አውሮፕላን ይዟቸው የነበሩ 157 ሰዎች ማንነትም ከቤተሰቦቻቸው በተወሰደ ዲኤንኤ ተለይቷል። ሁለቱም ግን ትልልቅ ጉዳዮች ናቸው፤ ዓለም የተረባረበባቸው። ለአምባሰሉ ቢላዋ የሚረባረብ የለም።

ታዲያ ሥልጠናው ለማን ይሰጥ?

ሥልጠና ሲባል የምናስበው ባለሙያ ልኮ በማሽን ላይ ማሠልጠን ነው። ያስፈልጋል። ነገር ግን በአምባሰሉ ታሪክ ውስጥ ማስረጃው ያለቀው ሳይንቲስቱ ከመንቃቱ በፊት ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ሠልጣኝ የቀበሌው ሚሊሻ መሆን አለበት። የሚማረውም ረጅም አይደለም፤ ሕይወት ያለውን ሰው መጀመሪያ ማዳን፣ ከዚያ ሰውን ማራቅ፣ በገመድ ወይም በእሾህ ስፍራውን ማጠር፣ ምንም አለማንሣት፣ ማን እንደገባ መጻፍ። ይህ የአንድ ቀን ትምህርት ነው። ከእሱ ቀጥሎ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋና የጤና ጣቢያው ነርስ ይመጣሉ፤ የተወጋ ሰው ልብስ ሲቀደድ በስለቱ ቀዳዳ በኩል እንዳይቀደድ ማወቅ ይበቃቸዋል።

የወረዳው መርማሪ ሌላ ደረጃ ነው። ጓንትን ከዕቃ ወደ ዕቃ ሲያልፍ መለወጥ፣ ከመንካት በፊት ፎቶ ማንሣት፣ ንድፍ መሥራት፣ ማሸግ፣ ማስፈረም አለበት። እዚህ ላይ ከሥልጠናው ይልቅ የሚጎዳው ዝውውር ነው፤ የሠለጠነው መርማሪ በስድስት ወሩ ወደ ትራፊክ ይመደባል፤ በቦታው የሚመጣው እንደገና በፌስታል ይጀምራል።

የተረሱት ደግሞ ዳኞችና ዐቃብያነ ሕግ ናቸው። «ናሙናው ከተጠርጣሪው ጋር ይመሳሰላል» የሚል ወረቀት ሲደርሳቸው «በምን ያህል ስሕተት?» ብለው ካልጠየቁ የቤተ ሙከራው ወረቀት ወደ ሌባሻይ ይመለሳል፤ ልጁ የወደቀበት ቤት ሁሉ የሌባ ቤት ይሆናል። ወሎ ዩኒቨርሲቲ ሕግንም ሕክምናንም ደሴ ላይ ያስተምራል። የሁለቱ ተማሪዎች በአንድ ክፍል ተቀምጠው አንዱ የአስከሬን ውጤት ሲያቀርብ ሌላው መስቀለኛ ጥያቄ ቢያቀርብለት ግዙፍ በጀት አይጠይቅም።

እኔ ከፖሊስ በፊት ብደርስስ?

የቆሰለ ካለ እርዱ፤ ከዚያ የሚቀድም የለም። በመጣችሁበት መንገድ ውጡ። ሰው ከተሰበሰበ ድምፁ የሚሰማ አንድ ሽማግሌ በሩ ላይ አቁሙ፤ በወሎ ከፖሊስ ገመድ ይልቅ እሱ ያስቆማል። ዝናብ ከመጣና ዱካው ሊታጠብ ከሆነ ሳፋ ወይም ምጣድ ድፉበት፤ ጠርዙ ዱካውን አይንካ። ስልክ ካላችሁ ከላይ ወደ ታች ቀጥ አድርጋችሁ ፎቶ አንሡ። መጠኑ በኋላ እንዲታወቅ ከዱካው አጠገብ ማስመሪያ ይቀመጥ፤ ከሌለ የአንድ ብር ሳንቲም ይበቃል። ፎቶውን ለመርማሪው ስጡ እንጂ ለሰፈሩ ሁሉ አትላኩ። ሳንቲሙንም ፖሊስ እስኪመጣ ካስቀመጣችሁበት አታንሡት።